ለኤንክሌክስ ምን ላንብብ? ሲዞር ለሰነበተው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለኤንክሌክስ፣ ማለትም ለአሜሪካው የነርስነት ፈቃድ ፈተና፣ በሚዘጋጁ ሀበሻ ነርሶች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። ጸሐፊው ፈተናውን አልፈው አሁን በአርኤንነት (ሙሉ ፈቃድ ባለው ነርስነት) የሚሠሩ ሰው ናቸው። ምክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ፈተናው ያው የድሮው ነው፤ ያለፈ ሰው መጽሐፍ ውረሱ። ማንበቢያ የተባለ ሁሉ ይሰብሰብ። ወፍራሙን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሳትጨርሱ ጥያቄ አትንኩ። በጥያቄ ባንክ (በልምምድ ጥያቄዎች ስብስብ) ላይ 80 ከመቶ ሳታመጡ የፈተና ቀን አትያዙ። አገር ቤት የሠራችሁ ከሆነ የሥራ ክፍፍልና የአመራር ክፍሉን ዝለሉት። ቴሌግራም ላይ የሚወጡትን «ሪል»፣ ከፈተናው ወጡ የተባሉ ጥያቄዎች ሸምድዱ። በአማርኛ የሚያስረዱ ቪዲዮዎች ካገኛችሁ ሌላ አያስፈልግም። ገንዘብ ካላችሁ ዋስትና የሚሰጥ ኮርስ ግዙ። ከወደቃችሁ ደግሞ ሁሉንም ጥላችሁ በአዲስ ጀምሩ።

ጸሐፊው በክፋት አልጻፉትም። ሰው ለመርዳት ብለው ነው፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል። ግን ይህን ምክር ይዞ የሚቀመጠው ማነው? ሌሊቱን ነርሲንግ ሆም ሠርታ፣ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ከዚያ ዓይኗን እያሸች መጽሐፍ የምትገልጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ ናት። ሰዓቷ ውድ ነው። ብሯም እንደዚያው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ማንበቢያ የሚመረጠው እናንተ በጎደላችሁ ነገር ነው። ሌላው ሰው በምን እንዳለፈ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው።

(ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

መጀመሪያ ፈተናው አልተለወጠም የሚለው። ይህ ዝም ብሎ ስህተት ነው። ኤንክሌክስ ኤፕሪል 1 ቀን 2023 መልኩን ቀይሯል። ዛሬ ዝቅተኛው የጥያቄ ብዛት 85፣ ከፍተኛው 150 ነው። የተሰጠው ጊዜ አምስት ሰዓት ነው። ስለ 265 ጥያቄና ስለ ስድስት ሰዓት የሚያወራ መጽሐፍ በእጃችሁ ካለ ዕድሜውን ከዚያ እወቁት።

የቁጥሩ መለወጥ ትንሹ ነገር ነው። የጥያቄው ዓይነት ነው የተለወጠው። አሁን ማንም ተፈታኝ ሦስት ኬዝ ስተዲ ይደርሰዋል፤ በእያንዳንዱ ሥር ስድስት ጥያቄ አለ። ስክሪኑ ላይ የሕመምተኛው ቻርት ይከፈታል። የነርስ ማስታወሻው፣ ቫይታል ሳይኑ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ በየገጹ ተቀምጧል። ከዚያ ውስጥ የሚያሳስበውን ፍንጭ ትለያላችሁ። ፍንጩ ምን እንደሚናገር ታስባላችሁ። የትኛው ችግር እንደሚቀድም ትወስናላችሁ። ምን ምን ማድረግ እንደሚቻል ታስባላችሁ፤ ታደርጋላችሁ። በመጨረሻም ሕመምተኛው እንደተሻለው ወይም እንዳልተሻለው ትመዝናላችሁ። ስድስቱ ጥያቄዎች እነዚህን ስድስት እርምጃዎች ይከተላሉ። የ2015 መጽሐፍ ይህን ሊያለማምዳችሁ አይችልም። ሲታተም እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረማ።

ነጥብ አሰጣጡም ተቀይሯል። ድሮ «የሚመለከተውን ሁሉ ምረጡ» የሚለው ጥያቄ ወይ ሙሉ ነበር ወይ ባዶ። አሁን ለያንዳንዱ ትክክለኛ ምርጫ ነጥብ ይሰጣል፣ ለተሳሳተው ይቀነሳል፣ ከዜሮ በታች ግን አይወርድም። ሦስት ትክክለኛ መልስ ያለውን ጥያቄ ውሰዱ። ሦስቱንም አግኝታችሁ አንድ የተሳሳተ ብትጨምሩ ድሮ ባዶ ነበራችሁ። አሁን ሁለት ነጥብ አላችሁ። ሁለቱን ብቻ መርጣችሁ የተጠራጠራችሁትን ብትተዉም ሁለት ነው። እና «ሁሉንም ምቱት፣ አንዱ ይይዛል» የሚለው የድሮ ዘዴ አሁን ነጥብ ያስበላል። ይህን የማያውቅ ማንበቢያ ዘዴውንም አሮጌውን ነው የሚያስተምራችሁ።

መድኃኒቱስ? ራኒቲዲንን አገር ቤት የማያውቅ ነርስ የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን በ2020 ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። አሮጌ መጽሐፍ ላይ አሁንም ለጨጓራ ሕመምተኛ ይታዘዛል፤ እናንተም ተቀምጣችሁ የጎንዮሽ ጉዳቱን ትሸመድዳላችሁ። ሌላም አለ። ፈተናው መድኃኒት የሚጠራው በዋና ስሙ ነው፤ የፋብሪካ ስም ላይ አትመኩ። ላሲክስ ማለት የለመደ ሰው ፉሮሲማይድ ሲያይ ለአፍታም ማሰብ የለበትም። ማንበቢያችሁ በፋብሪካ ስም የሚያወራ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

የፈተናው ዕቅድ፣ ማለትም ከየትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚጠየቅ የሚናገረው ሰነድ፣ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ መጽሐፍ ስትወርሱ፣ ያወረሳችሁ ሰው ማለፉን ሳይሆን የታተመበትን ዓመት ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ሰብስቡ የሚለው። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል። ጸሐፊው የዘረዘሩትን ቆጥሬ ለመጨረስ ሰለቸኝ። ሁለት ጥያቄ ባንክ፣ ወፍራም መጽሐፍ፣ የድምፅ ሌክቸር፣ የፍላሽ ካርድ አፕ፣ የማስታወሻ ፒዲኤፍ፣ የዩቲዩብ ቻናል፣ ሌላም ሌላም። ይህን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል? የሙሉ ቀን ሥራ የሌለው ሰው እንኳ አይጨርሰውም።

ችግሩ ግን አለማለቁ ብቻ አይደለም። ማንበቢያ ሲበዛ ሰው መሰብሰቡን ጥናት ይመስለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው የምቀመጥ ልጆች አሉ፣ እዚሁ ሜሪላንድ። አንዷ ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ስለ ኢንሱሊን ብቻ ከየቦታው ያወረደችው ፋይል አንድ ፎልደር ሞልቷል። ሬጉላር ኢንሱሊን ከፍተኛ ኃይሉ ላይ የሚደርሰው መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ፎልደሩን መፈለግ ጀመረች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ጉብዝናዋ አይደለም የጎደለው። አንዱ ፋይል ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይላል፣ ሌላው ከሁለት እስከ አራት። የትኛውን ልያዝ ስትል አንዱንም አልያዘችም። የሚጠየቀው ደግሞ ያች የአንድ ሰዓት ልዩነት አይደለችም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት የሚችለው በየትኛው ሰዓት ግድም ነው፣ ምንስ ታያለሽ ነው ጥያቄው።

የኔ ምክር ቁጥብ ነው። አንድ ጥሩ ጥያቄ ባንክ ያዙ። አንድ ማመሳከሪያ መጽሐፍ ይኑራችሁ። ፈተናውን የሚያወጣው የግዛቶቹ የነርስ ቦርዶች ምክር ቤት በነፃ የሚያወጣውን የፈተና ዕቅድ ጨምሩበት። በቃ። አራተኛ ነገር የሚገባው ሦስቱ ያልሸፈኑት ጉድለት ሲገኝ ነው።

ጥያቄ ባንኩ የትኛው ይሁን ለሚለው፣ ሰው ሁሉ ዩወርልድ ወይስ አርቸር እያለ ይከራከራል። ስሙ ላይ አልገባም። ከመክፈላችሁ በፊት ነፃ የሙከራ ጥያቄ ሥሩና ማብራሪያውን ተመልከቱ። ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ የሚነግራችሁ ከሆነ አይበቃም። የተሳሳቱት እያንዳንዳቸው ለምን እንደተሳሳቱ መናገር አለበት። በአዲሱ መልክ የተሠሩ ኬዝ ስተዲዎች አሉት ወይ? ሰብስክሪፕሽኑ ከፈተና ቀናችሁ በፊት አያልቅም ወይ? ሥራ የበዛበት ሰው ለሠላሳ ቀን ከፍሎ አሥሩን ቀን እንኳ ሳይገባበት ያልፋል። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከማንም ምስክርነት ይበልጣሉ።

ሦስተኛው፣ መጽሐፉን ሳትጨርሱ ጥያቄ አትንኩ የሚለው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ነውና።

ጸሐፊው የሚሉት፣ መጀመሪያ ዕውቀት፣ ከዚያ ጥያቄ ነው። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። እኛም ከልጅነታችን የተማርነው እንዲህ ነው፤ ደብተር ትሸመድዳለህ፣ ከዚያ ትፈተናለህ። ኤንክሌክስ ግን የሸመደዳችሁትን መልሳችሁ እንድትነግሩት አይፈልግም። ይህን በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ።

የልብ ድካም ያለበት ሕመምተኛ ፉሮሲማይድና ዲጎክሲን ይወስዳል። ዛሬ ጠዋት ምግብ አስጠልቶታል፣ አቅለሽልሾታል። መብራት ሲያይ ቢጫ ክብ ይታየኛል ይላል። የልብ ምቱ በደቂቃ 52 ነው። ፖታሲየሙ 2.9 ነው። የጠዋቱ ዲጎክሲን ሰዓቱ ደርሷል። መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ሀ፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒት መስጠት። ለ፣ ዲጎክሲኑን ሳይሰጡ ይዞ ሐኪሙን ማሳወቅ። ሐ፣ ሙዝና ብርቱካን እንዲመጣለት ማዘዝ። መ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የልብ ምቱን ደግሞ መለካት።

መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ስለ ዲጎክሲን አንድ ገጽ ያውቃል። ስለ ፉሮሲማይድ ሌላ ገጽ ያውቃል። ስለ ፖታሲየም ደግሞ ሌላ ምዕራፍ። ሦስቱ ግን በጭንቅላቱ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። የሚያገናኛቸው ጥያቄው ነው። ፉሮሲማይድ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል። ፖታሲየም ሲወርድ ዲጎክሲን መርዝነቱ ይበረታል። ማቅለሽለሹ፣ ቢጫው ብርሃን፣ የዘገየው ልብ፣ ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። ስለዚህ «ለ» ነው። «ሀ» ምልክቱን ይሸፍናል፣ መርዙን አይነካም። «ሐ» ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን 2.9 በሙዝ የሚድን ነገር አይደለም፣ ቀዳሚም አይደለም። «መ» የሚያስፈልገው መረጃ በእጁ እያለ መጠበቅ ነው።

አሁን ሥራው ይጀመራል። ጥያቄውን ራሳችሁ ለውጡት። ፖታሲየሙ 4.2፣ የልብ ምቱ 72 ቢሆንና ሕመምተኛው ምንም ባይሰማውስ? መድኃኒቱ ይሰጣል። የልብ ምቱ 72 ሆኖ ቢጫ ክብ ቢያይስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። የልብ ምት ጥሩ ስለሆነ ይሰጠው ይላል። ግን የመርዝነት ምልክት ከታየ ምቱ ብቻውን ፈቃድ አይሰጥም። እንዲህ አድርጋችሁ አንድ ጥያቄ ላይ ሩብ ሰዓት ብትቆዩ፣ በሩጫ ከሠራችሁት ረጅም ዝርዝር ጥያቄ ይሻላችኋል።

መጽሐፉስ? መጽሐፉ ያስፈልጋል፤ እንደ መዝገበ ቃላት። ስትሳሳቱ ያን ርዕስ ብቻ ገልጣችሁ ታነባላችሁ፣ ትዘጉታላችሁ። መዝገበ ቃላትን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያነበበ ሰው አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው፣ ኩላሊትና የሆርሞን በሽታዎች ጨርሰው የጠፉበት ሰው፣ ጥቂት ሳምንት ይዘት ቢከልስ ክፉ አይደለም። ያም ቢሆን በየርዕሱ መጨረሻ ጥያቄ እየሠራ ይሁን።

አራተኛው የ80 ከመቶው ጉዳይ ነው። ይህች ቁጥር ስንቱን አስቀምጣዋለች! ፈተናው ኮምፒዩተሩ እንደ ችሎታችሁ እያስተካከለ የሚያቀርበው ነው። ስትመልሱ ከበድ ያለ ይሰጣችኋል፣ ስትሳሳቱ ቀለል ያለ። ሆነ ብሎ የሚፈልገው ግማሹን ያህል የምትስቱበትን ከፍታ ነው። ከ85 በኋላ ኮምፒዩተሩ ከማለፊያው መስፈርት በላይ ወይም በታች መሆናችሁን 95 ከመቶ እርግጠኛ ሲሆን ይዘጋል። እርግጠኛ ካልሆነ ይቀጥላል። ስለዚህ በ85 የቆመበት ሁሉ አለፈ፣ 150 የደረሰ ወደቀ የሚለው ወሬም ወሬ ነው። በ85 ወድቀው የወጡ አሉ፣ በ150 ያለፉም አሉ።

እንዲህ ያለውን ፈተና በጥያቄ ባንክ መቶኛ መለካት አይቻልም። አንዱ ባንክ ጥያቄው ከባድ ነው፣ ሌላው ቀላል ነው። በከባዱ 60 ያመጣ ሰው በቀላሉ 80 ካመጣው ሊበልጥ ይችላል። በ60 አካባቢ ሲዋዥቁ ከርመው ያለፉ አውቃለሁ። ደግሞ ያንኑ ባንክ ሁለተኛ ዙር ሠርቶ 85 ያመጣ ሰው መልሱን አስታውሶ እንጂ አውቆ ላይሆን ይችላል። ሊታይ የሚገባው ባንኮቹ የሚያቀርቡት የራስ መመዘኛ ፈተና ነው። አንዴ ብቻ፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ በአንድ ቁጭታ ሥሩት። ከዚያ ቀን ያዙ። ሰማንያን ስትጠብቁ ትምህርቱ ከጭንቅላት እየወጣ ነው።

አምስተኛው በጣም ያናደደኝ ነው። አገር ቤት የሠራ ነርስ የሥራ ክፍፍልና የአመራር ክፍሉን ይዝለል፣ ልምዱ ይበቃዋል የሚለው። በ2023ቱ ዕቅድ ከስምንቱ ክፍሎች ትልቁን ድርሻ የያዘው ይህ ክፍል ነው፤ ከ15 እስከ 21 ከመቶ። የመድኃኒቱ ክፍል እንኳ ከ13 እስከ 19 ነው። ዝለሉት የተባለው ትልቁ ቁራሽ ነው እንግዲህ።

ልምዳችን ደግሞ እዚህ ላይ ያሳስተናል። አገር ቤት አንዲት ነርስ ክፍሉን ሙሉ ይዛ መርፌውንም፣ ካቴተሩንም፣ ቁስል ማጠቡንም ትሠራለች። የሚያበላውና ልብስ የሚቀይረው አስታማሚው ነው። አስታማሚ የማይገባበት ዋርድ ማን አይቷል? በፈተናው ዓለም ግን አስታማሚ የለም። አርኤን አለች፣ ኤልፒኤን (ከአርኤን ዝቅ ያለ ፈቃድ ያላት ነርስ) አለች፣ ረዳት ሠራተኛ አለ። ጥያቄው ሁልጊዜ ይህን ለማን ትሰጫለሽ ነው።

ለምሳሌ አራት ሥራ አለ። ስትሮክ መቶት የቆየ፣ ሁኔታው የተረጋጋ ሰውዬን ማጠብ። ዛሬ ጠዋት መዋጥ የቸገራትን ሴትዮ ቁርስ ማብላት። የተረጋጋ የስኳር ሕመምተኛ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒቱን መስጠት። ዛሬ ወደ ቤቱ የሚሄድን ሰው ስለ መድኃኒቱ ማስተማር። ብዙ ሀበሻ ማብላቱን ለረዳቱ ይሰጣል፤ ማብላት ምን አለው ብሎ። እዚህ ግን መዋጥ የቸገራት ሴትዮ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ገና አልተመረመረችም። እሷን አርኤኗ ራሷ ታያታለች። ለረዳቱ የሚሰጠው ማጠቡ ነው። መድኃኒቱ ለኤልፒኤኗ ይሆናል። ማስተማሩ ከአርኤኗ እጅ አይወጣም። ልምድ ይህን አይነግራችሁም። ጥያቄ መሥራት ነው የሚነግራችሁ።

የንግግሩ ክፍል ከዚህ ይብሳል። ሕመምተኛው፣ «ነገ ቀዶ ጥገና አለኝ፣ ሳልነቃ እንዳልቀር ፈራሁ» ይላችኋል። እኛ ምን እንላለን? «አይዞህ፣ ጎበዝ ሐኪም ነው፣ ምንም አትሆንም።» እናቶቻችን ያስተማሩን ይኸው ነው። የተባለው ሰውም ይጽናናበታል። በፈተናው ላይ ግን ይህ ምርጫ ሁልጊዜ ይቀርባል፤ ሁልጊዜም ስህተት ነው። እርግጠኛ በማትሆኑበት ነገር ታጽናናላችሁ፣ ወሬውንም ትዘጋላችሁ ይላል። ትክክለኛው ምርጫ «ይበልጥ የሚያስፈራህ ምኑ ነው? ንገረኝ» ዓይነት ነው። «ለምን ትፈራለህ?» እንኳ ቢሆን አይሆንም፤ ሰውን ራሱን እንዲከላከል ያደርገዋል ይላሉ። ልጅ ደውሎ የእናቴ ምርመራ ምን አለ ብሎ ሲጠይቅም እንዲሁ። አገር ቤት ውጤቱ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ለቤተሰብ ነው። እዚህ እናትየዋ ካልፈቀዱ ለልጃቸውም አይነገርም።

ለዚህ ነው ማንበቢያ በጉድለት ይመረጥ የምለው። አሜሪካ ነርሲንግ የተማረ ልጅ ይህን በየክሊኒካል ልምምዱ ሲሰማው ኖሯል። እኛ አልሰማነውም። በ2023 አሜሪካ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተኑት 88 ከመቶ ያህሉ አልፈዋል። ውጭ አገር ተምረው የመጡት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈተኑ የሚያልፉት ከግማሽ ብዙም አይርቁም። የኛ ነርሶች ሰውነት ውስጥ ያለውን በሽታ ስለማያውቁ ነው ብዬ አላምንም። ሜዲካል ሰርጂካል (የውስጥ ደዌና የቀዶ ጥገና ሕመምተኞች እንክብካቤ) ላይ ብዙዎቻችን ጠንካራ ነን። ስለዚህ ከውጭ ተምሮ ለመጣ ሰው ጥሩ ጥያቄ ባንክ ማለት ቅድሚያ የመስጠትና የሥራ ክፍፍል ጥያቄን በብዛት የያዘ ነው። እዚህ ሲኤንኤ ከዚያ ኤልፒኤን ሆኖ የመጣ ሰው ደግሞ ማን ምን እንደሚሠራ ያውቀዋል። እሱን የሚያስቸግረው በሠራበት ቤት ያየው አሠራር ከመጽሐፉ ሲለይ ነው። ሁለቱን በአንድ ምክር መሸኘት አይቻልም።

ስድስተኛው፣ የቴሌግራም «ሪል» ጥያቄዎች። ባጭሩ አትንኩት። እያንዳንዱ ተፈታኝ ከመጀመሩ በፊት የፈተናውን ይዘት ላያወጣ ይስማማል። ይህን መጣስ ውጤት ሊያሰርዝ፣ ፈቃድ ሊያስከለክል ይችላል። ደግሞ ለጥቅሙም ቢሆን አይረባም። የጥያቄው ክምችት ሰፊ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ለአንዱ ያወጣውን ለሌላው ያወጣል የሚል ዋስትና የለም። ከፒዲኤፎቹ አንዱን አይቼዋለሁ። መልሱ ተብሎ የተቀመጠው ከሚያስቀው ይልቅ የሚያስደነግጠው ይበዛል። እንዲህ ያለውን አንብቦ ሕመምተኛ ፊት የሚቆም ነርስ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

አቋራጭ ምን እንደሚያመጣ ያየን ጊዜ ሩቅ አይደለም። ጃንዋሪ 2023 ደቡብ ፍሎሪዳ ካሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ መሸጡ ይፋ ሆኖ 25 ሰዎች ተከስሰዋል። ከገዢዎቹ ብዙዎች ኤንክሌክስን ተፈትነው አልፈው ነበር። ማለፋቸው አላዳናቸውም፤ ቦርዶች ፈቃድ እየነጠቁ ነው የሄዱት።

ሰባተኛው የአማርኛ ቪዲዮው ነው። እኔ ራሴ እወዳቸዋለሁ። አሲድና ቤዝ፣ ወይ የልብ ደም ዝውውር በራስ ቋንቋ ሲነገር በአንድ ጊዜ ይገባል። ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚፈትናችሁም ብዙ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ቃል ነው። «መጀመሪያ» ይላል፣ «ተጨማሪ ማስተማር የሚያስፈልገው» ይላል፣ «ይበልጥ የሚያሳስበው» ይላል። ይህችን ቃል በሩጫ የዘለለ ሰው የሚያውቀውን ይስታል። ስለዚህ ሐሳቡን በአማርኛ ያዙ፣ ጥያቄውን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሥሩ። አጥኚ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንብቡ፣ ለምን እንደሆነ በአማርኛ ተከራከሩ።

ስምንተኛው፣ ዋስትና ያለውን ኮርስ ግዙ የሚለው። ፈተናው ራሱ 200 ዶላር ነው። በዚያ ላይ የግዛቱ ቦርድ የማመልከቻ ክፍያ አለ፤ ውጭ ለተማረ ደግሞ የትምህርት ማስረጃ ማስገምገሚያው አለ። ይህን ሁሉ ከፍሎ የቀረው ሰው ለኮርስ ከመክፈሉ በፊት የዋስትናውን ጥቃቅን ጽሑፍ ያንብብ። ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ቪዲዮ ማየትን፣ እያንዳንዱን ጥያቄ መሥራትን፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መፈተንን ይጠይቃል። አንዷ ከጎደለች ብሩ አይመለስም። ሥራ ያለው ሰው ደግሞ አንዷ ትጎድልበታለች። የሚያስገድድ ፕሮግራም ካልያዘው ቁጭ የማይል ሰው ካለ ለእሱ ኮርስ ይረዳዋል፤ የሚገዛው ግን ፕሮግራሙን እንጂ ዋስትናውን አይሁን። ነፃ ነገር አይረባም የሚሉትም ልክ አይደሉም። የፈተና ዕቅዱ ነፃ ነው፤ የአዲሶቹ ጥያቄዎች ናሙናም ነፃ ነው። ሁለቱም የመጡት ፈተናውን ከሚያወጣው ራሱ ነው።

የቀረው የወደቀ ሰው ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ሁሉንም ጥላችሁ በአዲስ ማንበቢያ ከዜሮ ጀምሩ ይላሉ። ያዘነ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ጥፋቱ የመጽሐፉ ነበር ማለት ነዋ። ነገር ግን ለወደቀ ተፈታኝ የሚላክ ወረቀት አለ። በየክፍሉ ከመስፈርቱ በላይ፣ በመስፈርቱ አካባቢ ወይም በታች እንደነበራችሁ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው ተናዶ ይጥለዋል። አትጣሉት። ገንዘብ ከፍላችሁ የማታገኙት የራሳችሁ ምርመራ ነው። ድጋሚ ለመቀመጥ ቢያንስ 45 ቀን ይጠበቃል። ወረቀቱን ከጥያቄ ባንካችሁ ጎን አስቀምጡት። ባንኮቹ ጥያቄያቸውን በእነዚሁ ክፍሎች ነው የሚለዩት። በመድኃኒትና በሥራ ክፍፍል ብቻ በታች የሆነ ሰው አዲስ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልገውም። ሁለቱን ክፍሎች መርጦ ከተሳሳታቸው ጥያቄዎች ይጀምር፣ ከዚያ ያልሠራቸውን ይክፈት። በየክፍሉ ሁሉ በታች የሆነ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ያኔ ከመጽሐፉ በፊት ስለ ሥራ ሽፍቱ ብዛት መነጋገር አለብን።